መብራት ሲሄድ በላፕቶፕ ባትሪ አብቃቅቶ መሥራት

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በላፕቶፕ የሚሠራ ሰው መብራት ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሄድ እንደሚችል እያወቀ ነው ሥራውን የሚጀምረው። ሆኖም መብራት ሲሄድ አብዛኞቻችን የምናደርገው ተመሳሳይ ነው። ላፕቶፑ ስላልጠፋ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራችንን እንቀጥላለን፤ በስክሪኑ ጥግ ያለው ቁጥር ወደ 20 በመቶ ሲወርድ ደግሞ ተጣድፈን ብርሃን መቀነስና ፕሮግራም መዝጋት እንጀምራለን። በመጀመሪያው ሰዓት ያለ ሐሳብ የባከነው ኃይል ግን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ቁጠባ አይመለስም። ቁጠባው መጀመር ያለበት ባትሪው ገና ሙሉ ሳለ፣ መብራት በሄደበት ደቂቃ ነው፤ ከፊሉ ዝግጅት ደግሞ ከዚያም ቀድሞ መብራት እያለ መጠናቀቅ አለበት። የመመረቂያ ጽሑፉን ለማስረከብ ቀን የሚቆጥር የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሆነ የወር መዝጊያ ሒሳቡን ማታ የሚጨርስ የኮምቦልቻ ሒሳብ ሠራተኛ ከባትሪው ተጨማሪ ሁለት ሰዓት ማግኘት ይችላል፤ ለዚህም አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልገውም።

በእጅ ያለውን ኃይል ማወቅ

በስክሪኑ ጥግ የሚታየው መቶኛ የሚናገረው ባትሪው አሁን መያዝ ከሚችለው ኃይል ውስጥ ምን ያህሉ እንደቀረ ብቻ ነው። ሁለት ላፕቶፖች እኩል 100 በመቶ እያሳዩ አንዱ አምስት ሰዓት ሲሠራ ሌላው በአንድ ሰዓት ተኩል የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። እውነተኛው መለኪያ ዋት-ሰዓት ይባላል። ባትሪው 40 ዋት-ሰዓት ቢይዝና ላፕቶፑ 10 ዋት እየወሰደ ቢሠራ አራት ሰዓት ይቆያል፤ 20 ዋት ከወሰደ ግን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። የባትሪው መጠን በራሱ በባትሪው መለያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በዋት-ሰዓት ካልተጻፈ ቮልቱን በአምፒር-ሰዓቱ ማባዛት በቂ ነው፤ ለምሳሌ 11.4 ቮልትና 4 አምፒር-ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ 45.6 ዋት-ሰዓት ነው።

ይህ የፋብሪካ ቁጥር ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረውን አቅም ስለሚያሳይ፣ በተለይ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው አሁን ያለውን አቅም ለብቻው ማየት ይኖርበታል። በዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ይክፈቱና በእንግሊዝኛ ፊደላት በመጀመሪያ ፓወር የሚለውን ቃል ይጻፉ፤ ክፍተት ሳይተዉ ሲ፣ ኤፍ እና ጂ የሚባሉትን ሦስት ፊደላት ያስከትሉ፤ ከዚያ አንድ ክፍተት ትተው ስላሽ የሚባለውን ወደ ቀኝ ያዘመመ መስመር፣ ከእሱም ጋር አያይዘው ባተሪ ሪፖርት የሚሉትን ሁለት ቃላት ሳይነጣጥሉ ጽፈው ኢንተርን ይጫኑ። ኮምፒውተሩ ሪፖርቱን አዘጋጅቶ ያስቀመጠበትን ቦታ ይነግርዎታል፤ ፋይሉም በብራውዘር ይከፈታል። እዚያ ላይ ዲዛይን ካፓሲቲ የሚለው የፋብሪካው አቅም፣ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ የሚለው ደግሞ የዛሬው አቅም ነው። ሁለቱም በሚሊ ዋት-ሰዓት ስለሚጻፉ ለ1,000 ያካፍሏቸው። በማክቡክ ላይ የባትሪው ሁኔታ በሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ባተሪ በሚለው ክፍል ይገኛል።

ሪፖርቱ 45 ዋት-ሰዓት የነበረው ባትሪዎ አሁን 31 ብቻ እንደሚይዝ አሳየዎት እንበል። በመቀጠል ፍጆታውን ይለኩ። ቻርጀሩን ነቅለው እንደወትሮዎ ግማሽ ሰዓት ሲሠሩ ቁጥሩ ከ80 ወደ 60 ከወረደ 6.2 ዋት-ሰዓት ወጥቷል ማለት ነው፤ ላፕቶፑም ከ12 ዋት በላይ እየወሰደ ነው፤ ከሙሉ ባትሪም የሚያገኙት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ያንኑ ሥራ በ7 ዋት መሥራት ከቻሉ ግን ከአራት ሰዓት በላይ ያገኛሉ። ይህን ስሌት አንድ ጊዜ በራስዎ ላፕቶፕ ላይ ቢሠሩት ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት እርምጃዎች የትኛው እንደሚበጅዎ በግምት ሳይሆን በቁጥር ያውቃሉ።

መብራት በሄደ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

ከሁሉ በፊት የተከፈተውን ሥራ ሴቭ ያድርጉ፤ ቀጥለውም ቻርጀሩን ከሶኬቱ ይንቀሉ። የመንቀሉን ምክንያት ስለ መብራቱ መመለስ በተነሣበት ቦታ ያገኙታል።

ቀጥሎ የሚመጣው የስክሪኑ ብርሃን ነው። ጽሑፍ በመጻፍና ሰንጠረዥ በመሙላት ላይ ባለ ላፕቶፕ ከሌላው ክፍል ሁሉ የበለጠ ኃይል የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑ ነው። ማታ ክፍሉ ጨልሞ ሻማ ሲበራ ከሙሉው ብርሃን ሲሶው እንኳን ለዓይን ይበቃል። ቀን ከሆነ መስኮቱ ከጀርባዎ እንዳይሆን ወደ ጎን ዞረው ይቀመጡ፤ ከጀርባ የሚመጣው ብርሃን ስክሪኑ ላይ እያንጸባረቀ ብርሃኑን እንዲጨምሩ ያስገድድዎታል። የኪቦርድ መብራት ካለ ያጥፉት። ስክሪኑ 120 ወይም 144 ኸርዝ ከሆነ፣ ማለትም ምስሉን በሰከንድ ይህን ያህል ጊዜ የሚያድስ ከሆነ፣ በዲስፕሌይ ሴቲንግስ ውስጥ ወደ 60 ያውርዱት። የስክሪኑን መልክ ወደ ጥቁር መቀየር ባትሪ ይቆጥባል የሚለው ምክር የሚሠራው ኦሌድ ለተባለው ስክሪን ነው፤ አብዛኛው ላፕቶፕ ከኋላው መብራት ያለው ኤልሲዲ ስለሆነ ጥቁሩም ነጩም እኩል ይወስድበታል።

ሦስተኛው እርምጃ ውሳኔ ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምመክረውም እሱን ነው። ያለው ባትሪ ለየትኛው ሥራ እንደሚውል በዚያው ደቂቃ ይወስኑና ያንን ሥራ ብቻ ክፍት አድርገው ሌላውን ሁሉ ይዝጉ። ምዕራፍ ለማጠናቀቅ ከወሰኑ ቴሌግራምና ብራውዘር ክፍት ሆነው መቆየት የለባቸውም። በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አውቶካድ በተባለው የንድፍ መሥሪያ ፕሮግራም የሚሠሩ ተማሪዎች በሦስት ገጽታ የሚሠራውን ከባድ ሥዕል መብራት እስኪመጣ አቆይተው ልኬቱንና ማብራሪያውን ቢሠሩ ይሻላቸዋል፤ ከባድ ሥዕል ለብቻው የተሠራውን የግራፊክስ ካርድ ስለሚያስነሣ ፍጆታውን በእጥፍና ከዚያም በላይ ያሳድገዋል። የቪዲዮ ስብሰባም እንዲሁ ነው፤ ካሜራው፣ ስክሪኑ፣ ፕሮሰሰሩና ዋይፋዩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። መቅረት የማይቻል ከሆነ ከስልክ መግባት ይቻላል።

ከዚያ ባተሪ ሴቨር የሚባለውን የኃይል ቁጠባ አገልግሎት ያብሩ። በዊንዶውስ 10 እና በብዙ የዊንዶውስ 11 ኮምፒውተሮች ላይ ይህ አገልግሎት በራሱ የሚነሣው 20 በመቶ ላይ ነው፤ በአዲሱ የዊንዶውስ 11 ስሪት ስሙ ኢነርጂ ሴቨር ሆኗል። በሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያም ባትሪን የሚመለከተውን ክፍል ከፍተው መነሻውን ከፍ ያድርጉት፤ ወይም መብራት በሄደ ቁጥር በእጅዎ ያብሩት። በማክቡክ ሎው ፓወር ሞድ የሚባለው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ኢንተርኔትን በተመለከተ፣ መብራት ሲሄድ የቤቱ ዋይፋይ አብሮ ስለሚጠፋ ብዙ ሰው ወደ ስልክ ሆትስፖት ይዞራል። ላፕቶፑ በዋይፋይ መገናኘቱን ብቻ ስለሚያውቅ የዊንዶውስ አፕዴትንና የፋይል ማመሳሰልን ሳይጠይቅዎ ሊጀምር ይችላል፤ ይህም ባትሪውን ብቻ ሳይሆን የገዙትን የዳታ ፓኬጅም ይበላል። የሆትስፖቱን ስም በዋይፋይ ሴቲንግስ ውስጥ ይክፈቱና ሚተርድ ኮኔክሽን (ዳታው የሚቆጠርበት ግንኙነት) የሚለውን ያብሩ፤ አንድ ጊዜ ከተደረገ ለዚያ ሆትስፖት ሁልጊዜ ይሠራል። ከዚህ የሚሻለው ደግሞ ኢንተርኔቱን በየመሃሉ ከፍቶ የሚላከውን ልኮ፣ የሚወርደውን አውርዶ መዝጋት ነው።

ስልክን ከላፕቶፕ ቻርጅ ማድረግ በከተሞቻችን የተለመደ ስለሆነ ነጥሎ ማየት ያስፈልጋል። 5,000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት የተጻፈበት የስልክ ባትሪ በ3.85 ቮልት ሲሰላ 19 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው፤ በመንገድ ላይ በሙቀት የሚባክነው ሲጨመርበት ደግሞ ከ20 ያልፋል። ከላይ ምሳሌ ካደረግነው 31 ዋት-ሰዓት ላይ ባዶ ስልክ እስኪሞላ ቢሰካ ከላፕቶፑ ኃይል ከ60 በመቶ በላይ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ስልኩ ለአስቸኳይ ጉዳይ የሚያስፈልግ ከሆነ ጥቂት ሰጥቶ መንቀል ይገባል፤ ያለዚያ ግን ላፕቶፕ የጎረቤትና የቤተሰብ ስልክ ሁሉ የሚሰካበት ሊሆን አይገባም። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክና የማይሠራበት ዶንግልም ተሰክተው መቆየት የለባቸውም።

ጋቢ፣ ብርድና ሙቀት

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ማታ ማታ የጦሳ ተራራ ብርድ ሲወርድ ላፕቶፕን ጋቢ ለብሶ ጭን ላይ ወይም አልጋ ውስጥ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራት የተለመደ ነው። የላፕቶፑን ሆድ ገልብጠው ቢያዩት አየር የሚስብባቸው ቀጫጭን ቀዳዳዎች አሉ፤ ጋቢው እነዚህን ሲደፍናቸው ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ማራገቢያውም ሳያቋርጥ ይሽከረከራል፣ ኃይሉም ለማራገቢያው ይውላል። ጋቢውን መልበሱ ችግር የለውም፤ ከላፕቶፑ ሥር ግን ጠንካራ መጽሐፍ፣ ትሪ ወይም ጣውላ ይግባ። ባትሪው በጣም ሲበርደው ኃይሉን በሚገባ ስለማይሰጥ ቶሎ ያለቀ ሊመስል ይችላል፤ ይህ ጊዜያዊ ነው፣ ክፍሉ ሲሞቅ ይስተካከላል።

ኮምቦልቻ ከደሴ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ የምትገኝ በመሆኗ ትሞቃለች፤ እዚያ የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። ዛሬ በላፕቶፖች ውስጥ ያለውን ሊቲየም-አዮን የተባለ ባትሪ ከምንም በላይ የሚያስረጀው ሙቀት ነው፤ ሙሉ ቻርጅ ሆኖ በሙቀት ውስጥ መቆየት ደግሞ ይብስበታል። ከቀትር በኋላ ፀሐይ በመታው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ላፕቶፕ የሚደርስበት ጉዳት እንደ ብርዱ ተመልሶ የሚስተካከል አይደለም።

ባትሪው ከማለቁ በፊት ሥራው እንዲተርፍ

ላፕቶፕን ለጊዜው ለማቆም ሁለት መንገድ አለ። ስሊፕ የተከፈተውን ሥራ በሜሞሪው ላይ እንዳለ ያቆየዋል፤ ሜሞሪው ግን ሥራውን ይዞ ለመቆየት ኃይል ስለሚፈልግ ባትሪው ቀስ በቀስ ያልቃል። ሃይበርኔት ሥራውን ወደ ዲስክ ገልብጦ ኮምፒውተሩን ያጠፋዋል፤ ሲከፈት ሁሉም ነገር በነበረበት ይመለሳል፣ በመሃሉም ከባትሪው የሚሄደው ከምንም አይቆጠርም። ለአሥር ደቂቃ ለመነሣት ስሊፕ ይበቃል። መብራት እስኪመጣ ለመጠበቅ ወይም ላፕቶፑን ቦርሳ ውስጥ ከትቶ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለመውረድ ግን ሃይበርኔት ይሻላል፤ አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች በስሊፕ ላይም ሆነው ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኙ ስለሚቆዩ ቦርሳ ውስጥ ይሞቃሉ፣ ሲደርሱም ባትሪያቸው ተጋምሶ ይገኛል።

ሃይበርኔት በብዙ ላፕቶፖች ላይ ከማጥፊያው ዝርዝር ውስጥ አይታይም። ለማውጣት ኮንትሮል ፓነልን፣ ከዚያም ፓወር ኦፕሽንስን ይክፈቱ፤ የፓወር ቁልፉ ምን እንዲሠራ የሚመረጥበትን መስመር ይጫኑ፤ ለጊዜው የተቆለፉትን ምርጫዎች የሚከፍተውን ጽሑፍ ተጭነው ከታች ሃይበርኔት በሚለው ላይ ምልክት ያድርጉና ሴቭ ያድርጉ።

እዚያው ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ሌላ እጅግ ጠቃሚ ማስተካከያ አለ። የላቁ ማስተካከያዎች ባሉበት ዝርዝር ውስጥ ባተሪ የሚለውን ሲከፍቱ ክሪቲካል ባተሪ ሌቭል የሚል ቁጥር ያገኛሉ፤ ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ነው። ላፕቶፑ እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርስ በራሱ ሃይበርኔት እንዲያደርግ ይምረጡ። ያረጀ ባትሪ ያለዎት ከሆነ ቁጥሩን ወደ 12 ወይም 15 ያሳድጉት። መቶኛው ኮምፒውተሩ ከቮልቴጅና ከፍጆታ የሚገምተው እንጂ እንደ ቤንዚን መለኪያ በቀጥታ የሚታይ አይደለም፤ ባረጀ ባትሪ ውስጥ ቮልቴጁ በድንገት ስለሚወርድ 11 በመቶ የሚያሳይ ላፕቶፕ በዚያው ቅጽበት ድርግም ሊል ይችላል። 5 በመቶ ላይ የተቀመጠው ጥበቃ እንዲህ ላለው ባትሪ አይደርስለትም።

በወርድ ለሚጽፉ ደግሞ አንድ ነገር ይታከል። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ከዚያም ሴቭ በሚለው ውስጥ አውቶሪከቨር በየ10 ደቂቃው እንዲመዘግብ ተደርጎ ይመጣል፤ ወደ 1 ወይም 2 ደቂቃ ያውርዱት። የወራት ልፋት ያረፈበትን ጽሑፍ ለአሥር ደቂቃ ዕድል አሳልፎ መስጠት አይገባም።

መብራት ሲመለስ

መብራት በመጣበት ቅጽበት በሰፈሩ ያለው ምጣድ፣ ፍሪጅና ፓምፕ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚነሣ የኃይሉ መጠን ለጥቂት ጊዜ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንዲቀበል ተደርጎ ስለሚሠራ የመብራቱ መድከም ብዙም አይጎዳውም፤ ድንገት መጥቶ የሚመታው ከፍተኛ ኃይል ግን ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ የተነቀለውን ቻርጀር ወዲያው አይሰኩ፤ አምፖሉ ሳይዋዥቅ አምስት፣ አሥር ደቂቃ መቆየቱን አይተው ይሰኩት። ከምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካትም አይገባም።

መብራቱ ተመልሶ እንደሚሄድ የሚጠረጥሩ ከሆነ ላፕቶፑን ዘግተው ቻርጅ ያድርጉ፤ ሲሠሩበት ከሚገባው ኃይል ከፊሉ ወደ ባትሪው ሳይደርስ ይበላል። የሊቲየም ባትሪ እስከ 80 በመቶ አካባቢ ቶሎ ይሞላና ቀሪውን ቀስ እያለ ነው የሚቀበለው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዋ ሰዓት ከሁሉም ትበልጣለች። ቻርጀሩም የላፕቶፑን ያህል ዋት እንዳለው ይመልከቱ፤ 65 ዋት የሚፈልግ ላፕቶፕ በ45 ዋት ቻርጀር ዘግይቶ ይሞላል።

ፓወር ባንክ ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች ከመክፈላቸው በፊት ሁለት ነገር ይዩ። ላፕቶፑ በታይፕ-ሲ ቀዳዳው ቻርጅ መቀበል አለበት፤ ፓወር ባንኩም ፓወር ዴሊቨሪ የሚባለውን አሠራር የሚያውቅና በአንድ ቀዳዳው ቢያንስ 45 ዋት የሚሰጥ መሆን አለበት። ለስልክ የተሠራው ተራ ፓወር ባንክ ላፕቶፕ አያነሣም። 20,000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት የተባለው 74 ዋት-ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ከብክነቱ የተረፈው ላፕቶፑ ጋ ይደርሳል።

ስለ ባትሪው ዕድሜ

ባትሪን እስከ ዜሮ ካላወረዱት ይበላሻል የሚለው ምክር የመጣው ከጥንቱ የኒኬል-ካድሚየም ባትሪ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበውና ዛሬ በሁሉም ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ሊቲየም-አዮን ተቃራኒው ይስማማዋል፤ ሁልጊዜ ባዶ ማድረግ ይጎዳዋል።

ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም ማድረግ ዕድሜውን እንደሚያራዝም እውነት ነው፤ ሌኖቮ ኮንሰርቬሽን ሞድ የሚለውን ጨምሮ ብዙ አምራቾች ለዚህ ማስተካከያ አላቸው። እኔ ግን ይህ ምክር እንደወረደ ለእኛ ይሠራል ብዬ አላምንም። ያ የቀረው 20 በመቶ መብራት ሲሄድ አንድ ሰዓት የሥራ ጊዜ ሊሆን ይችላል። መብራት በተከታታይ በሚሄድበት ሰሞን፣ ወይም ለጥገና እንደሚቋረጥ አስቀድሞ ከተነገረ ሙሉ ያድርጉት፤ ባትሪው ትንሽ ቢያረጅ ሥራው ከመስተጓጎሉ ይሻላል። መብራቱ ሲረጋጋና ላፕቶፑ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ሲውል ወደ 80 ይመልሱት።

ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚወዛወዝ፣ የመዳሰሻ ሰሌዳው ወደ ላይ ያበጠ ወይም የግርጌ ሽፋኑ የተከፈተ ከመሰለ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ያን ጊዜ ቻርጅ ማድረግም መጠቀምም ያቁሙ፤ ተጭነው ለመመለስ ወይም በስለት ለመብሳት ፈጽሞ አይሞክሩ፣ እሳት ያስነሣል። አጥፍተው ከሚቀጣጠል ነገር አርቀው ያስቀምጡትና ባለሙያ ያውጣው።

ባትሪ የሚቀየር ከሆነ በአሮጌው ላይ ያለው የሞዴል ቁጥርና ቮልት ከአዲሱ ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። በሳጥኑ ላይ የተጻፈው አቅም ግን ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። ስለዚህ ባትሪው ከተገጠመ በኋላ ሱቁ ውስጥ እንዳሉ ሙሉ ቻርጅ አድርገው ከላይ የተገለጸውን ሪፖርት በሻጩ ፊት ያውጡ፤ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲው ከተጻፈው እጅግ ካነሰ ገንዘቡን ሳይከፍሉ ሌላ እንዲገጥምልዎ ይጠይቁ።